የምትወደውን የሚወስድባት ጋንቾ

በቤልደን ከተማ ነፋሱ ድንገት ጸጥ ካለ ሰዎች በራቸውን ከፍተው ይወጣሉ፤ ምን እንደ ደረሰ ለማየት። ዋዮሚንግ ውስጥ ዛፍ እንኳ የሚያድገው ወደ ምሥራቅ ጎንበስ ብሎ ነው። ማርሊስ ቲግ እዚሁ ስለተወለደች ነፋሱን የምትሰማው ሲጠፋ ብቻ ነበር። በዚህ ዓመት ሐምሌ ላይ ግን አንድ አዲስ ልማድ አመጣች። በየማለዳው የአባቷን ጋራዥ ከመክፈቷ በፊት ቀና ብላ ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ ታያለች።

ኮረብታው ላይ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ተደርድረዋል፤ ክንፎቻቸው ሲዞሩ ይውላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቆሞ ካየች የማማ ጠጋኙ ኮርዊን እዚያ ላይ እንዳለ ታውቃለች። ጠጋኝ የወጣበት ማማ አይዞርም። ያ ሁሉ ነጭ ነገር ሰማይ ላይ እየተሽከረከረ አንዱ ብቻ ጸጥ ብሎ ሲቆም፣ ልቧም አብሮት ቀጥ ይል ነበር። ኮርዊን በበኩሉ ከዚያ ከፍታ የጋራዡን ቀይ ጣሪያ እንደሚያይ አንድ ቀን ነግሯታል። «በር ስትከፍቺ የጥርስ ሳሙና ክዳን ነው የምታክይው» ብሎ አሳቃት። ከዚያ ወዲህ በር ስትከፍት ጸጉሯን ታስተካክላለች፤ ከዚያ ርቀት ማንም እንደማያይላት እያወቀች።

ጋራዡ በመኪና የሚጎተቱ ተሳቢ ቤቶችን ይጠግናል፤ ቤቱን ከመኪናው ኋላ አጥብቆ የሚይዘውን ብረት፣ ጋንቾውንም ይሸጣል። አባቷ አቶ ኦርቪል ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሰው ጋንቾ እየገጠሙ ሲሸኙ ኖረዋል። ራሳቸው ግን ከቤልደን ርቀው አያውቁም። በዕረፍታቸው ተሳቢ ቤት ጎትተው ሐይቅ የሚያዩ ጡረተኞችን ያከብራሉ። በተሳቢ ቤት ውስጥ የሚኖረውን ግን አያምኑትም። በዚህ ከከተማው ሰው አይለዩም። ከወንዙ ማዶ በተሳቢ ሰፈር የሚያድሩ ሠራተኞች ምግብ ቤት ሲገቡ ወንበር ይለቀቅላቸዋል፤ ጨዋታው ግን ይቀዘቅዛል።

«ቤቱ ጎማ ያለው ሰው» ይላሉ አቶ ኦርቪል፣ «ልቡም ጎማ አለው።»

ይህን የሚሉት ማንን እያሰቡ እንደሆነ ማርሊስ ታውቃለች። እሳቸውም ማወቋን ያውቃሉ። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ በዚያ ጋራዥ ውስጥ እንደ ሁለት ሰዓቶች አብረው ይቆጥራሉ እንጂ ስለ ሰዓቱ አያወሩም።

ኮርዊን መጀመሪያ የመጣው ለኋላ መብራት አምፖል ነበር። ቀጥሎ ለሌላ አምፖል መጣ። ከዚያ ምንም ሳይቃጠልበት መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዋናው መንገድ ጥግ ባለው ምግብ ቤት ይቀመጡ ጀመር። በቤልደን የሚያቃጥል የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ነው የሚበላው፤ ስኳሩ ከላዩ እየፈሰሰ። ሉዊዚያና ያደገው ኮርዊን ይህን ሲያይ ሹካውን አስቀምጦ ማን ነው ይህን ያሰበው፣ ታስሯል ወይ ብሎ ጠየቃት። መስከረም ሲጠባ ግን ዳቦውን ወጡ ውስጥ እየነከረ ይበላ ነበር። ማርሊስ ያን ዳቦ የያዘውን እጅ ስታይ፣ የማማ ቅባት የማይለቀው እጅ ስታይ፣ ስለምን ያወሩ እንደነበር ይጠፋባታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተናገሩም። ሁለቱም ሌላው ይጀምረዋል ብለው ጠበቁ፤ ወራቱም በመሐላቸው እንደ ውሃ አለፈ።

ጥቅምት ላይ ሥራው አለቀ። ቀጣዩ ሥራ ቴክሳስ ነው፤ የአንድ ሳምንት መንገድ የሚመስል የሁለት ቀን መንገድ።

የኮርዊንን ተሳቢ ቤት እዚህ ድረስ ያመጣው የኩባንያ ሹፌር ነበር። አሁን የራሱን ፒካፕ ገዝቷል፤ ያን ረጅም ቤት በራሱ እጅ ሲጎትት የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ጋንቾ ያስፈልገዋል። ቤልደን ውስጥ ደግሞ ጋንቾ የሚሸጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ሲገባ ኮፍያውን አወለቀ። ማርሊስ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ የሚናገረውን ሰማች፤ የተሳቢውን ርዝመት፣ የፒካፑን ዓይነት፣ የሚሄድበትን ከተማ ስም። ከሰማችው ሁሉ የከተማው ስም ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሥራዋን ያዘች። ሥራ በዚህ ጊዜ ደግ ነው፤ እጅን የሚያስገባበት ቦታ አለው።

ተራው ጋንቾ የብረት ኳስ ብቻ እንደሆነ፣ የተሳቢው አፍንጫ በላዩ እንደሚቀመጥ ነገረችው። ለትንሽ ተሳቢ ይበቃል። ለእሱ ግን አይሆንም።

«አፍንጫው የመኪናህን ወገብ ይጫናል» አለችው። «ኋላው ሲቀመጥ ፊቱ ይነሣል። ያኔ የፊት ጎማዎችህ መንገዱን በደንብ አይጨብጡም፤ መሪው እጅህ ላይ ይቀልሃል። እዚህ ነፋስ ውስጥ የቀለለ መሪ ለማንም አልመኝም።»

«ስለዚህ አፍንጫው ከባድ ባይሆን ነው የሚሻለው።»

«አይደለም። ክብደቱ መኖር አለበት። የሚያስፈልገው የሚያካፍለው ነገር ነው።»

ቃላቱ ስላልበቋት ክንዶቿን ወደ ፊት ዘረጋች። እነዚህ እንደ ሞላ ጎንበስ ቀና የሚሉ ሁለት የብረት ዘንጎች ናቸው አለችው። ከጋንቾው ሥር ወደ ተሳቢው ይዘረጋሉ፤ ሲወጠሩ ክብደቱን ከመኪናው ወገብ ላይ ያነሡና ለፊት ጎማዎችም ለተሳቢው ጎማዎችም ያድላሉ። መቀመጫቸው ላይ አጥብቀው ስለሚፋተጉም ነፋስ ገፍቶት ወይም ትልቅ መኪና አልፎት ተሳቢው ጅራቱን ሊቆላ ሲል ያዝ ያደርጉታል። እንደገባው ለማሳየት ኮርዊን ሁለት እጆቹን ክንዶቿ ላይ አሳርፎ በቀስታ ተጫነ። ክንዶቿ ትንሽ ዝቅ አሉ፤ ያዙት። የእጁ ሙቀት በሸሚዟ እጅጌ አልፎ ገባ። የመስኮቱ መስታወት በነፋሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሁለቱ አንዳቸውም ትምህርቱ አልቋል ለማለት አልደፈሩም።

ያለቀው ከኋላ ክፍል በመጣ ድምፅ ነው።

«ማርሊስ» አሉ አባቷ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ለሰውዬው ጠንካራውን ግጠሚለት። ተመልሶ የማይመጣበትን።»

እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። ማንም አልሳቀም። ኮርዊን እጆቹን ሰብስቦ ኮፍያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«እስከ ሐሙስ ይደርሳል?» አላት፣ ኮፍያውን እያየ።

ቸኩሏል አለች በልቧ። የከረምንበት ሁሉ በኮፍያው ውስጥ ገብቶ ተጠቅልሏል፣ የቀረው መንገድ ብቻ ነው። ፊቷ እንዳይናገርባት ወደ መደርደሪያው ዞረች።

«ነገም ይደርሳል» አለችው።

ኮርዊን ኮፍያውን ደፋ። ከዚያ አመስግኖ ወጣ፤ በሩን ነፋሱ ከእጁ ነጥቆ ዘጋው። ማርሊስ ለረጅም ጊዜ መደርደሪያውን እያየች ቆመች። ጋንቾዎቹ ከከባዱ እስከ ቀላሉ ተደርድረው ነበር። ከሁሉ የሚበልጠውን፣ የማይላላውን፣ በየትኛውም ነፋስ የማይከዳውን መረጠችለት። የምትወደውን ሰው የሚወስድባትን ብረት በገዛ እጇ መምረጥ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ የሚነግራት ሰው ቢኖር ደስ ይላት ነበር።

በማግሥቱ ወንዙን ተሻግራ፣ ቤቱ ካለበት ሄዳ ገጠመችው። ከፒካፑ ሥር ገብታ ብሎኖቹን በትልቁ ቺያቬ አጠበቀች። ቤቱ ከመያያዙ በፊት ከመሬት እስከ ፊት ጎማው መከለያ ያለውን ከፍታ ለካች፤ ካያያዘች በኋላ እንደገና ለካች፤ ዘንጎቹን ወጠረች፤ አሁንም ለካች። መኪናውና ቤቱ እንደ ተዘረጋ ገበታ እኩል ተቀመጡ። የኮርዊን ብረታ ብረት፣ የማማ ገመዶቹና የመሣሪያ ሣጥኖቹ፣ ሁሉም ከፊት ባለው የመኝታ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ክብደቱ ከጎማዎቹ ፊት መሆን ስላለበት ትክክለኛ ቦታቸው ነው። ሰንሰለቶቹን እንዴት እንደሚያጠላልፍ አሳየችው። የፍሬኑን ሽቦ አሳየችው። ለደንበኛ ሁሉ የምትነግረውን ሁሉ ነገረችው፤ ከአንድ ነገር በቀር። ጋንቾው የተስተካከለው አሁን ባለው ጭነት ነው፣ ከዚህ በኋላ ከባድ ዕቃ ቦታ ከቀየረ ሁሉም ነገር ይቀየራል የሚለውን አልነገረችውም። እዚያ ላይ ስትደርስ ቀና አለች፤ ኮርዊን እጆቿን ሳይሆን ፊቷን ያይ ነበር፤ ድምፅዋ ተሰበረ። የተሰበረ ድምፅ ይዛ ከመቀጠል ዝምታውን መረጠች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ያላለቀ ነገር እንዳለ ተሰምቷት ነበር፤ ግን ያላለቀው ስለበዛ የትኛው እንደሆነ አላወቀችም።

በአቶ ኦርቪል ጋራዥ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ጋንቾውን የገጠመ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ አብሮ ይሳፈራል፤ ከከተማው ወጥቶ እስከ በረዶ መከላከያ አጥሮቹ፣ ከዚያ መልስ። «ሥራህን ያመንክ እንደሆነ ተቀመጥበት» ነው ነገሩ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ኮርዊን ቤቱን አያይዞ ከወንዙ ማዶ ሲመጣ ማርሊስ ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከመሳፈሯ በፊት ከፍታውን ደግማ ትለካ ነበር። ዛሬ ሜትሩ በኪሷ እንዳለ ቀረ። በመኪናው ዙሪያ ከዞረች በቤቱ መስኮቶች በኩል ማለፏ ነው፤ መስኮቶቹን ማየት አልፈለገችም።

በከተማው ውስጥ ቀስ ብለው ሄዱ። ማለዳው ቢጫ ነበር፤ የወንዙ ዳር ዛፎች ቅጠላቸውን ይለቃሉ፤ ነፋሱ በጎዳናው ላይ ያንከባልለዋል። ከአውራ ጎዳናው ዳር ሚዳቋዎች ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆመዋል። ሁሉም ነገር በመስታወት ማዶ እንዳለ ሕልም ጸጥ ያለ መሰላት። እሱ ጥያቄ ከጠየቃት መልስ ትሰጣለች፤ መሪው እንዴት ነው ካለችው ደህና ነው ይላል። ኋላው ብቻ ትንሽ ቀለል ብሎኛል፣ አለ ቆይቶ። ማርሊስ ሰማችው፤ ቃሉ ግን ሐሳቧ ውስጥ ገብቶ ሰመጠ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ነፋሱ ከጎን መታቸው። በዚያው ቅጽበት አንድ ረጅም የጭነት መኪና እያጓራ አለፋቸው።

ቤቱ በስተኋላቸው ወደ ግራ ሄደ። ተመለሰና ወደ ቀኝ ሄደ። እያንዳንዱ ምልሰት ካለፈው ይሰፋል። ማርሊስ በጎን መስታወቱ ነጩን ግድግዳ አየች፤ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። የፒካፑን ጀርባ እንደ አሻንጉሊት ይጎትተው ጀመር። የኮርዊን እግር ወደ ፍሬኑ ሲሄድ አየች።

«ፍሬን አትንካ» አለችው። ድምፅዋ ራሷን እስኪገርማት ድረስ የተረጋጋ ነበር። «እግርህን ከነዳጁ ላይ ብቻ አንሣ። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። አትከተለው።»

በጉልበቱ ላይ ተሻግራ ከመሪው በታች ያለችውን ትንሽ ሣጥን አገኘች፤ የተሳቢውን ጎማዎች ብቻ የሚይዘውን ፍሬን። በቀስታ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጋ ገፋችው። ቤቱ ከኋላ ተይዞ ተዘረጋ። አንዴ ቆላ። ደግሞ ቆላ፤ ያነሰ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተከተላቸው፤ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ።

ከመንገዱ ወጥተው ከበረዶ አጥሮቹ ሥር ቆሙ። ማርሊስ እጇ አሁንም ትንሿ ሣጥን ላይ እንዳለ፣ ክንዷም በእሱ ክንድ ላይ እንደተጋደመ ገባት። የማን ልብ እንደሆነ የማይታወቅ ልብ በመሐላቸው ይመታ ነበር።

ወርዳ ጋንቾውን መረመረች። ብሎኖቹ እንደጠበቁ ናቸው፣ ዘንጎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ሁለቱን አንድ ላይ አየች። የፒካፑ ጀርባ ትናንት ካስቀመጠችው በላይ ተነሥቷል። አፍንጫው ቀሏል። ትናንት ሳትነግረው የቀረችው ነገር አሁን ከነቃሉ ትዝ አላት።

«ምን አደረግህ?» አለችው። «ከፊት ያለውን ጭነት ነክተሃል።»

የኮርዊን ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። ማርሊስ አልፋው የቤቱን በር ከፈተች።

የማማ ገመዶቹ፣ የመሣሪያ ሣጥኖቹ፣ ትልልቆቹ የብረት ቀለበቶች፣ ሁሉም በኋላው መስኮት ሥር በጥንቃቄ ተደርድረው ታስረዋል። ጎማዎቹ መሐል ሆነው፣ ኋላው ሲከብድ ፊቱ እንደ ሚዛን ተነሥቷል። ይህን የሚያህል ስሕተት የሚሠራው ጠንቃቃ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው እንዲህ አድርጎ አያስርም። ተቆጥታ ወደ ፊት ሄደች፤ የመኝታውን ክፍል በር ገፋች።

ክፍሉ ከአልጋው በቀር ባዶ ነበር። ባዶ ብቻ ግን አይደለም። ወለሉ ታጥቧል። የትንሹ መስኮት መስታወት ከሁለቱም ወገን ተወልውሎ ነፋሱ የሚያጎነብሰውን ሣር እስከ አድማስ ያሳያል። የልብስ ቁም ሣጥኑ ሁለት ክፍት በሮች ነበሩት። በአንዱ ውስጥ የኮርዊን ሸሚዞች እንደ ተገፉ ሰዎች ተጣብበው ተሰቅለዋል። በሌላው ውስጥ ምንም የለም፤ ልብስ የሌለባቸው ማንጠልጠያዎች ብቻ፣ ቤቱ በመንቀጥቀጡ ገና ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ።

ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። ኮርዊን በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል።

«ብረቱን ከዚህ ለምን አወጣኸው?» አለችው። ጥያቄዋ ወደ መጨረሻው ሹክሹክታ ሆነ።

«ቦታ እንዲኖር።»

«ለምን የሚሆን ቦታ?»

ማንጠልጠያዎቹን አየ። «ልጠይቅሽ ነበር» አለ። «ማታ ማታ ቃሉን ሳዘጋጅ ከረምኩ፤ አልሰምር ሲለኝ ቢያንስ ቦታው ይዘጋጅ አልኩ። ጠዋት ዕቃውን መልሼ ላስገባ ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም። ባዶ ሆኖ ካየሁት በኋላ ያንቺ መሰለኝ።»

«ታዲያ ሐሙስ ይደርሳል ወይ ብለህ የጠየቅኸኝ?»

«አይደርስም ትይኛለሽ ብዬ ነዋ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አይደርስም ብትይኝ አንድ ሳምንት አገኝ ነበር። አንቺ ነገም ይደርሳል አልሽ። እንግዲህ መሄዴን እየጠበቀች ነው አልኩ።»

ማርሊስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ እንባ ተለወጠ፤ መልሶ ሳቅ ሆነ።

«ገድለኸን ነበር እኮ» አለችው። «ልትወደኝ ብለህ መንገድ ዳር ልትደፋኝ ነበር።»

«ዕቃው መነካት የለበትም ብለሽ አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩህም።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለሰው ሁሉ የምነግረውን ለአንተ አልነገርኩም። እያየኸኝ ነበር።»

መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ነፋሱ ቤቱን በጎኑ ገፋው፤ ቤቱ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ተመለሰ። ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ክብደቷን ሳትቀንስ፣ ለእሱ ስትል ቀላል ለመሆን ሳትሞክር። እሱም ያዘ። እንዲህ ቀላል የሚመስል ነገር ይህን ያህል ወራት ለምን እንደፈጀባቸው ማሰብ አሰኛት፤ ከዚያ ማሰቡን ተወችው።

ብረቱን በሁለት ሰው ጉልበት ወደ ፊት መለሱት። የአልጋው ንጣፍ ሲነሣ ሥሩ ሰፊ ሣጥን ነው፤ ሁሉንም ዋጠው። የቁም ሣጥኑ ግማሽ ባዶ እንደሆነ ቀረ። ማርሊስ ሜትሯን አውጥታ ለካች፤ ዘንጎቹን አየች፤ ራሷን ነቀነቀች። ሲመለሱ ያው ነፋስ ከጎን መታቸው። ቤቱ ተከተላቸው፤ ያለ ድምፅ።

አቶ ኦርቪል ግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱ ዘግይተዋል፤ የዘገየን ተሳቢ እሳቸው ቆመው ነው የሚጠብቁት። ገና ከመውረዷ ፊቷን አዩት፤ ከዚያ ቤቱን።

«ቆላ?» አሉ።

«ቆላ።»

«ማን ያዘው?»

«እኔ።»

አባቷ እጃቸውን ፒካፑ ላይ አሳረፉ። ማርሊስ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ያልነገረችውን ነገር፣ የተነሣውን ጭነት፣ የተነሣበትንም ምክንያት። ስለ ባዶው ቁም ሣጥን ስትናገር አላፈረችም፤ ይህ ራሷን ገረማት። ኮርዊን ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ለአቶ ኦርቪል ሊያስረዳ ሲጀምር ቃሉን አላስጨረሱትም። እሱን አላዩትም። ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«አብሬው እሄዳለሁ፣ አባዬ» አለች።

ነፋሱ የጋራዡን ቆርቆሮ አንኳኳ።

«ቤቱ ጎማ ያለው ሰው...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ወደ ቀዩ ጣሪያ ዞረው አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ማርሊስ ከዚህ በፊት ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነበር፤ ያረጀ፣ ሐፍረት ያለበት። «ጠዋት ማን ይከፍተዋል?»

ያን ሁሉ ዓመት ቁጣ የመሰላት ነገር ፍርሃት እንደነበር ያኔ ገባት። ኮርዊንን አልነበረም የሚጠሉት። ጠዋትን ነበር የሚፈሩት። ማርሊስ ቀርባ የአባቷን ሻካራ እጅ ያዘች። ኮርዊን ከኋላዋ ዝቅ ባለ ድምፅ እዚህ ሌላ ሥራ ሊፈልግ እንደሚችል፣ መቆየት እንደሚችል ተናገረ። ማርሊስ እውነቱን እንደሆነ አወቀች፤ ስለዚህም ይበልጥ ከበዳት። በሁለት በኩል የሚወዷት ሰዎች ቆመው፣ የትኛውንም ብትመርጥ በሌላው ልቧ ይቆስላል።

አቶ ኦርቪል ግን እጃቸውን ከእጇ ሳያወጡ የቤቱን ጎማ በእግራቸው መታ መታ አደረጉ።

«ቴክሳስ ያለው ሥራ መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮርዊን ዞረው።

«የበረዶው ወራት ሲያልፍ ነው፣ አቶ ኦርቪል። በሚያዝያ ወደ ሰሜን እንመለሳለን።»

«በሚያዝያ።» ይህን ቃል ለረጅም ጊዜ አኘኩት። «በረዶ ላይ ተሳቢ የሚጎትት ጤነኛ ሰው የለም። እስከ ሚያዝያ እዚህ ጋንቾ የሚገዛኝ ማንም የለም። እንዲሁ ተቀምጣ ምድጃ ታሞቃለች እንጂ ምን ትሠራለች?» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከሚያዝያ በኋላ ግን እኔ ብቻዬን አልችለውም። ልብ በሉ።»

ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት ከአባቷ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ማርሊስ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ የግራሶና የሳሙና ሽታ፣ የልጅነቷ ሽታ ነበር። እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የማይመቻቸው ሰው ስለሆኑ ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ ዕቃሽን ሂጂ አምጪ፣ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይብሳል አሏት።

ስትመለስ አባቷ ጉልበታቸው መሬት ላይ ነበር። የታመመ ጉልበታቸውን ጠጠሩ ላይ አስደግፈው ጋንቾውን ከፒን እስከ ፒን በጣታቸው እየነኩ ያዩ ነበር፤ ኮርዊን አጠገባቸው ተንበርክኮ የሚሉትን ይሰማል። ሰንሰለቱን ሳብ አደረጉ። ዘንጎቹን በመዳፋቸው መቱ። ለነዳጅ በቆማችሁ ቁጥር የጎማውን መሐል በእጅ ዳስስ፣ ከጋለ ደውልልኝ፣ የፈለገው ሰዓት ቢሆን ደውልልኝ ሲሉት ሰማች። ከዚያ ተነሡ፤ አቧራቸውን አራገፉ። «ጥሩ ገጥማዋለች» አሉ ለማንም ሳይሆን።

ኮርዊን ሞተሩን አስነሣ። አባቷ መብራቶቹን ለማየት ከቤቱ ኋላ ሄደው ቆሙ፤ ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚያደርጉት። ማርሊስ በረጅሙ የጎን መስታወት ታያቸው ነበር፤ ነፋሱ ጃኬታቸውን ይነፋዋል። ኮርዊን የግራውን ፍሬቻ አበራ። አባቷ ግራ እጃቸውን አነሡ፤ ይሠራል። የቀኙን አበራ፤ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ፍሬን ረገጠ፤ ሁለቱንም አነሡ። ሁሉም ይሠራል። ሌላ የሚታይ ነገር አልቀረም።

ኮርዊን ማርሹን ሲያስገባ ክንዱን ያዘችው።

«ግራውን ድገመው» አለች።

ገባው። ፍሬቻው እንደገና ብልጭ ብልጭ አለ። አቶ ኦርቪል ግራው እንደሚሠራ ያውቁ ነበር፤ አሁን ገና አይተውታል። ለጥቂት ጊዜ ፍሬቻውን ሳይሆን መስታወቱን ቀጥ ብለው አዩ፤ ከዚያ ግራ እጃቸውን ከፍ አደረጉት። ቤቱ ተንቀሳቅሶ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ አላወረዱትም። ማርሊስ ደረቷ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሄድና የሚቀር ነገር ተሰማት፤ ሁለቱም የእሷ ነበሩ፤ ሁለቱም ያዙ።